ክፍል ሁለት ሲጥም

ዴርቶጋዳን አንብባችሁ ራማቶሓራን ገና ያልጀመራችሁ ወዳጆቼ፣ የዛሬው ወሬ በተለይ ለእናንተ ነው። ሁለቱንም የጨረሳችሁ ግን አትሂዱ፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣችሁ ነገር ምን እንደሆነ አብረን ብንፈታው ደስ ይላል። አንዱንም ያልነካችሁትም ቁጭ በሉ፣ ታሪኩን አላበላሽባችሁም። ልነግራችሁ የጓጓሁት መጨረሻው ምን እንደሆነ ሳይሆን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ነው። በሳይንስ ላይ የተመሠረተ፣ ወጣት የሚሻማበት ልብ ወለድ ሲሆን፣ ሁለተኛው መጽሐፍ ለምን ከመጀመሪያው የተለየ ጣዕም ይኖረዋል?

መጀመሪያ መጻሕፍቱን ላስተዋውቅ። ይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳን ያሳተመው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ራሱም ያኔ ገና ወጣት ነበር። ታሪኩ የጣናን ገዳማት ከአሜሪካ የጠፈር ምርምር ጋር ያገናኛል። ናሳ የሠራ ኢትዮጵያዊ ሊቅ አለ፤ ሚራዥ የሚባል ሐኪም አለ፤ ሞሳድና ሲ.አይ.ኤ. ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። ራማቶሓራ የዚህ ቀጣይ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ዣንቶዣራ። ዴርቶጋዳ ደጋግሞ ታትሟል። አብዛኛው የአማርኛ ልብ ወለድ አንዴ ታትሞ በዚያው በሚቀርበት ሀገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከመጽሐፍ ጋር ብዙ የማይተዋወቅ የሚመስለው ሰው ሁሉ ያነበበው መጽሐፍ ነው። የመርካቶን ሱቆች አስቡ። ጠዋት ገበያው ይጦፋል፣ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ይቀዘቅዛል። በዚያች ክፍተት ከባንኮኒው ሥር መጽሐፍ ይወጣል። ደንበኛ ሲገባ የደረሰኝ ብጣሽ ዕልባት ይሆንና መጽሐፉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሱቁ የአጎቱ የሆነ ልጅ ያነበበውን ለጎረቤት ሱቅ ተቀጣሪ ያውሰዋል፣ እሱ ደግሞ ለአዲስ ከተማ ትምህርት ቤት ተማሪ ለሆነች እህቱ። ሽፋኑ እስኪላጥና በፕላስተር እስኪለጠፍ ድረስ ይዞራል። ያነበበው አፉ አላርፍ ይላል፣ ያላነበበው ጆሮውን ይዞ “እንዳትነግረኝ!” እያለ ይሸሻል። ከዚያ አንዱ አዟሪ ደረቱ ላይ የደረደራቸውን መጻሕፍት አቅፎ ብቅ ሲል ጥያቄው አንድ ብቻ ይሆናል፤ “ቀጣዩ ወጥቷል?”

“ቆይ፣ ዴርቶጋዳ የስለላ ልብ ወለድ እንጂ የሳይንስ ነው እንዴ?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለላው ብዙ ነው፤ ሽጉጡም፣ ማሳደዱም፣ የተሰወረ ማንነቱም። እኔ ግን ዳርኮ ሱቪን የሚባለው የሥነ ጽሑፍ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጠውን መለኪያ እወዳለሁ። በሱቪን አስተሳሰብ የሳይንስ ልብ ወለድን የሚለየው ሮኬት ወይም ሮቦት መኖሩ አይደለም። በእኛ ዓለም የሌለ፣ ግን በዕውቀት ሊደረስበት የሚችል አንድ አዲስ ነገር ይገባና ታሪኩን በሙሉ ይዘውረዋል። ያን ነገር ብታወጡት ታሪኩ ይፈርሳል። ዴርቶጋዳ ውስጥ ያ አዲስ ነገር የኢትዮጵያውያን የረቀቀ ሳይንስ ነው። እሱን አውጡት፣ ሰላዮቹ የሚሯሯጡለት ነገር አይኖርም። ስለዚህ ለእኔ ይህ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው፣ የስለላ ካፖርት የደረበ።

ያ ሳይንስ ደግሞ ከባዶ አየር የመጣ አልነበረም። ቦንጋ ተወልደው አሜሪካ ውስጥ በጠፈር ምሕንድስና የሠሩት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ያረፉት በ1998 ዓ.ም. ነው፤ መጽሐፉ ከመውጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ። አንባቢ ልብ ወለዱን ከእሳቸው ጋር እያያዘ ማውራቱ አልቀረም። እውነተኛ ሰው ከኋላ እንዳለ ሲታሰብ ምናቡ መሬት ይረግጣል፣ “ይሄማ ሊሆን ይችላል” ያሰኛል። የሳይንስ ልብ ወለድ የሚኖረው በዚህች “ሊሆን ይችላል” ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መርካቶን መጀመሪያ የረገጣችሁበትን ቀን አስታውሱ። አውቶቡስ ተራ ወርዳችሁ ሰው እየጠየቃችሁ ነው የሄዳችሁት። ሸማ ተራ በየት ነው? ምን አለሽ ተራስ? ዱባይ ተራ የሚሉት ይሄ ነው ወይስ ያኛው? ከኋላችሁ ሸክም የተሸከመ ሰው “ዞር በሉ!” ሲል ወደ የትኛው ጎን እንደምትዞሩ እንኳ አታውቁም። አንድ እጃችሁ ኪሳችሁ ላይ ነው። የፈለጋችሁትን ዕቃ ገዝታችሁ ብትመለሱም መርካቶን ግን አላያችሁትም፤ መንገድ ስትፈልጉ ነው የዋላችሁት።

ሁለተኛው ጉዞ ሌላ ነው። የአንዋር መስጊድ ሚናራና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በየት በኩል እንዳሉ ታውቃላችሁ፣ በእነሱ አቅጣጫ ትይዛላችሁ። የቆርቆሮ ድምፅ ሲመጣ ምን አለሽ ተራ መቅረቡን፣ አፍንጫችሁን ሲያቃጥላችሁ በርበሬ ተራ መድረሳችሁን ሳትጠይቁ ትለያላችሁ። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ የተለወጠውን ታያላችሁ። ባለፈው እዚህ ጋ የነበረው ሱቅ ተዘግቷል፤ ያኛው ፎቅ ጨምሯል፤ ያቺ ሴትዮ ቦታዋን ቀይራለች። ዛሬ ገና የመጣ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ያንኑ እያየ ምንም አይታየውም። የተለወጠውን ለማየት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የሳይንስ ልብ ወለድ የመጀመሪያው ጉዞ ነው። ደራሲው መንገድ ሲያሳይ ይውላል። ይህ መሣሪያ እንዲህ ይሠራል፣ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ይጠላላሉ፣ እዚህ ሀገር እንዲህ ማድረግ ክልክል ነው። በፍቅር ልብ ወለድ ይህ ሁሉ ድካም የለም፤ አዲስ አበባን ወይም ደብረ ማርቆስን አንባቢ ያውቃታል፣ ደራሲው በቀጥታ ወደ ሰዎቹ ይገባል። የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ሰዎቹንም መሬቱንም መሥራት አለበት። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ሲደርስ መሬቱ ተሠርቶ አልቋል። እዳው ተከፍሏል፤ ከዚህ በኋላ መጫወት ይችላል።

ይህን ከማንም ቀድሞ የተረዳው ፈረንሳዊው ዡል ቬርን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ሰዎችን በመድፍ ጥይት ውስጥ አስቀምጦ ከፍሎሪዳ ወደ ጨረቃ ተኮሳቸው። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ማለት ይቻላል ዝግጅት ነው። መድፉ ስንት ሜትር ይርዘም፣ ከምን ይቀለጥ፣ ባሩዱ ስንት ይሁን፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ። ከዚያ ይተኮሳሉ። ከዚያስ? ሰዎቹ ጨረቃን ስተው ዙሪያዋን ሲዞሩ በቴሌስኮፕ ታዩ ይልና መጽሐፉ ያልቃል! ተከታዩ በጋዜጣ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንባቢ እነዚያን ሦስት ሰዎች ሰማይ ላይ ትቶ እህሉን ሲበላ ኖረ። የራማቶሓራን ጥበቃ ረጅም ያላችሁ ልብ በሉ።

ተከታዩ ሲመጣ ግን መድፍ የለ፣ የገንዘብ መዋጮ የለ። ቬርን ወዲያው ጥይቱ ውስጥ ያስገባናል። ሰዎቹ ይጨቃጨቃሉ፣ ይበላሉ፣ በመስኮት ጨረቃን ያያሉ፣ ክብደታቸው ጠፍቶ ይንሳፈፋሉ። እርግጥ ክብደት የሚጠፋው የመሬትና የጨረቃ ስበት እኩል በሚሆንበት አንድ ቦታ ላይ ብቻ አድርጎ ጽፎታል፤ ይህ ስሕተት ነው። ሞተር ሳይገፋው በነፃ የሚጓዝ መንኮራኩር ውስጥ ያለ ሰው መንገዱን ሙሉ ይንሳፈፋል። የሆነ ሆኖ ሰዎቹን መልሶ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ጣላቸው። መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ አፖሎ 8 የተባለው እውነተኛ መንኮራኩርም ከፍሎሪዳ ተነሥቶ ጨረቃን ዞሮ ፓስፊክ ላይ አረፈ።

ቬርን በሌላ ቦታ ከዚህም የባሰ ነገር ሠርቷል። ካፒቴን ኔሞን ታውቁታላችሁ፤ ኖቲለስ በምትባል ሰርጓጅ መርከብ ባሕር ለባሕር የሚኖረው፣ ሀገሩ የማይታወቀው፣ መርከብ እየበሳ የሚያሰምጠው ሰው። እሱ በታየበት የመጀመሪያው መጽሐፍ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደዚያ እንደተቆጣ አይነገረንም። ቀጥሎ ቬርን “ምሥጢራዊቱ ደሴት” የሚል መጽሐፍ አወጣ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከሪችመንድ በፊኛ ያመለጡ አምስት ሰዎችና አንድ ውሻ ሰው በሌለበት ደሴት ይወድቃሉ። ኔሞ የሚባል ነገር የለም። ሰዎቹ ጡብ ይሠራሉ፣ ብረት ያቀልጣሉ። ነገር ግን ሲቸግራቸው አንድ የማይታይ እጅ ይረዳቸዋል። መሣሪያ የሞላ ሣጥን ባሕር ዳር ይገኛል። አንደኛው ልጅ በወባ ሊሞት ሲል የኪኒን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ማን አመጣው?

መቶ ሃምሳ ዓመት ላለፈው መጽሐፍ ይቅርታ አልጠይቅም፣ እነግራችኋለሁ፤ ኔሞ ነው። አርጅቷል፣ ጓዶቹ አልቀዋል፣ በደሴቲቱ ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ መርከቧን ይዞ ሞቱን ይጠብቃል። ያኔ ማንነቱን ይናገራል። ዳካር የሚባል የሕንድ ልዑል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1857 ሕንዶች በእንግሊዝ ላይ ሲነሡ አብሮ ተዋግቶ ሀገሩንም ቤተሰቡንም ያጣ። እንግዲህ የመጀመሪያውን መጽሐፍ መልሳችሁ አስቡት። ያ መርከብ አስማጭ ዕብድ የመሰለው ሰው ሀገሩን የተነጠቀ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። ቬርን ከመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ አንዲት ፊደል ሳይነካ መጽሐፉን በሙሉ ለወጠው። ጥሩ ክፍል ሁለት ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነበባችሁትን እንደገና ይጽፍባችኋል። የአድዋን ታሪክ ሲሰማ ላደገ አንባቢ ደግሞ ይህ የኔሞ ኑዛዜ ከአውሮፓዊው አንባቢ ይልቅ ጠልቆ የሚሰማው ይመስለኛል።

(ቬርን ቀኑን አምታቷል፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ አንጀቴ አይችልም። የኔሞ የባሕር ጉዞ በመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1866 በኋላ የሆነ ነው። ደሴቷ ላይ ደግሞ ታሪኩ ከ1865 እስከ 1869 ሆኖ ሳለ ያ ጉዞ ከተደረገ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎታል ይባላል። ተከታይ የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ካላስቀመጠ እንዲህ ያለ ጣጣ ይመጣበታል። አንባቢ ግን ይቅር ብሎታል፣ እኔም ብያለሁ።)

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ የመርካቶ ልጅ ክፍል ሁለትን የተማረው ከመጽሐፍ በፊት ከቪዲዮ ቤት ነው። ሲኒማ ራስ ትልቁ አዳራሽ ነበር፤ ቪዲዮ ቤቶቹ ደግሞ በየጓዳው። እዚያ አግዳሚ ላይ ተጠባብቆ የሚያይ ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፤ አክተር አይሞትም። ጥይት ቢዘንብበትም፣ ከፎቅ ቢወድቅም፣ አክተር አይሞትም። ታዲያ አክተሩ ካልሞተ ክፍል ሁለት ላይ ምን ያስፈራል? ተርሚኔተርን ያየ መልሱን ያውቃል። በመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ1984ቱ ፊልም፣ ከወደፊቱ ዘመን የመጣው ሥጋ የለበሰ የብረት ሰውዬ ገዳይ ነው። በ1991ዱ ክፍል ሁለት ያው ፊት፣ ያው ትከሻ ተመልሶ ይመጣል። የመጀመሪያውን ያየ ሰው ሲያየው ይሸማቀቃል። ከዚያ አንድ ልጅ ሊገድል ሳይሆን ሊጠብቅ መምጣቱ ይታወቃል። ክፍል አንድን ያላየ ሰው ያን ድንጋጤ ሊያገኝ አይችልም፣ የሚሸማቀቅበት ምክንያት የለውማ።

በወጣቶች የሳይንስ ልብ ወለድ ይህን ዘዴ አሳምራ የተጠቀመችበት ሱዛን ኮሊንስ ናት። ዘ ሀንገር ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፤ ተከታዩ ካቺንግ ፋየር በዓመቱ። በመጀመሪያው ካትኒስ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በታናሽ እህቷ ፈንታ ወደ መገዳደያ ሜዳ ትገባለች። ከአሥራ ሁለት ወረዳዎች ሃያ አራት ልጆች ይገባሉ፣ አንድ ብቻ በሕይወት ይወጣል፣ ያሸነፈ ዕድሜውን ሙሉ በሰላም ይኖራል። ሕጉ ይህ ነው፤ መጽሐፉ ይህን ሕግ በጥንቃቄ ያስጠናናል። ሁለተኛው መጽሐፍ ሲጀምር አክተሯ አሸንፋ ቤቷ ገብታለች። ደራሲዋ ሌላ ሜዳ፣ ሌላ ልጅ ፈልጋ ብታመጣ ያው ታሪክ ይደገም ነበር። እሷ ያደረገችው ግን ሰባ አምስተኛው ውድድር ላይ ሕጉን መስበር ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ ቀድሞ ካሸነፉት መሐል እንዲመረጡ ይታዘዛል። “በሰላም ይኖራል” የተባለው ቃል ታጠፈ። አንባቢ ሕጉን እንደ ራሱ ሀገር ሕግ ስለሚያውቀው መሰበሩ እሱንም ያመዋል። ሕግ ለማፍረስ መጀመሪያ ሕግ መኖር አለበት፤ ክፍል አንድ የተጻፈው ለዚህ ነው እስክትሉ ድረስ።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ከሜዳው በፊት ያለው ክፍል ደግሞ ለእኔ ይበልጥብኛል። አሸናፊዎቹ በየወረዳው እየዞሩ ይታያሉ። ካትኒስ ሳታስበው ያደረገችው አንድ የእምቢታ ሥራ በማታውቃቸው ሰዎች ልብ ውስጥ ምን እንዳበቀለ ታያለች። ችኩል አንባቢ ይህን “መቼ ነው ውጊያው የሚጀመረው?” እያለ ይዘለዋል። አትዝለሉት። መጀመሪያው መጽሐፍ ያላሳየን ሀገር እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

አፍሪካዊ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ወላጆቿ ናይጄሪያውያን የሆኑት የኔዲ ኦኮራፎር ቢንቲ አለች። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው መጽሐፍ ቢንቲ የምትባል የሂምባ ልጅ ከቤቷ ተደብቃ ሌላ ፕላኔት ላይ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣው ሁለተኛው ደግሞ ወደ ቤት ይመልሳታል። በቃ፣ ጉዞው ወደ ቤት ነው። ፀጉሯ ተለውጧል፤ ሰው ያልሆነ ጓደኛ ይዛ መጥታለች፤ ቤተሰቧ ይቆጣል፣ እሷም የራሷን የዘር ሐረግ አላውቀውም ነበር እንዴ ትላለች። ሩቅ ሀገር ኖሮ የተመለሰ ዘመድ ያለው ኢትዮጵያዊ ይህን መጽሐፍ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበሉት ዘመዶች ሲሸኙ ያለቀሱለት ሌላ ሰው፣ አሁን የሚያገኙት ሌላ ሰው ነው። ዴርቶጋዳም የሚቆምበት አንዱ እግር ይኸው ነው፤ ባሕር ማዶ ያለ ሊቅና ሀገሩ።

በአማርኛ ተከታይ ልብ ወለድ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ብርሃኑ ዘሪሁን አብዮቱን በሦስት መጽሐፍ ነው የጻፈው፤ ማዕበል የአብዮት ዋዜማ፣ መባቻ፣ ማግሥት ብሎ። በዓሉ ግርማ የሕሊና ደወልን ካሳተመ በኋላ ተመልሶ አስፍቶ ሐዲስ አድርጎ አወጣው። በቅርብ ዘመን ደግሞ የዓለማየሁ ዋሴ እመጓ ዝጎራን፣ መርበብትን አስከትሏል። “ይቀጥላል” የሚለውን ቃል ጆሯችን የለመደው በሬዲዮ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ ሰው ሰዓቱን ጠብቆ ሬዲዮው ሥር ይኮለኮል ነበር። ይስማዕከ አዲስ ያደረገው ያን የመጠበቅ ልማድ ወደ ሳይንስና ወደ ጠፈር ማዞሩን ነው።

እና ራማቶሓራስ? ምን ምን እንደሚሆን አልናገርም ብያለሁ፣ ቃሌን እጠብቃለሁ። አነባበቡን ግን ልምከራችሁ። የዴርቶጋዳን የመጨረሻ ምዕራፎች እንደገና አንብባችሁ ግቡ፣ ቢያንስ ማን ምን እንደሚያውቅና ማን ከማን እንደሚደበቅ። በነዚህ መጻሕፍት ግማሹ ደስታ እናንተ የምታውቁትን ሰዎቹ አለማወቃቸው ነው። ድካሙንም አልደብቅም። ሰዎቹ አንዳንዴ ከመጠን በላይ ጎበዝ ናቸው፤ አጋጣሚው ይበዛል፤ ስለ ሀገር ክብር ሲነገር ገጸ ባሕርዩ ዝም ብሎ ደራሲው የሚናገር የሚመስልበት ቦታ አለ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ይህን በአዲስነቱ ድንጋጤ ውስጥ አላየነውም ነበር። በሁለተኛው ዓይናችን ስለለመደ ይታየናል። መርካቶን ሲለምዱት ጭቃውም ይታያል።

ይሁንና አንድ ነገር ልብ በሉ። ዴርቶጋዳ በወጣ ጊዜ ኢትዮጵያ አንዲት ሳተላይት አልነበራትም። እንጦጦ ላይ ዛሬ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖች፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው፣ ገና አልተከፈቱም ነበር። የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1፣ ሰባ ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ከቻይና የተነሣችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛዋ በዓመቱ ተከተለች። በዴርቶጋዳ የተነሣ ሳተላይት ተመጠቀ የሚል የለም፣ እኔም አልልም። ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. ከባንኮኒ ሥር መጽሐፉን ያነበበ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በዚያች ታኅሣሥ ጠዋት ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ዜናውን የሰማው የሳይንስ ልብ ወለድ ክፍል አንድን እንዳነበበ ሰው ነው፤ ቃላቱ አዲስ አልሆኑበትም። ይህ ትውልድ አሁን ቢጽፍ መንገድ ማሳየት ላይ ብዙ ገጽ አያጠፋም።

ለዚህም ነው ከአማርኛ የሳይንስ ልብ ወለድ ገና ብዙ የምጠብቀው። ምን አለሽ ተራን ብቻ ተመልከቱ። ከመኪና የወጣ ብረት ምጣድ ይሆናል፣ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ የተጣለው ሁሉ ሁለተኛ ሕይወት አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ክራምብስ የተባለው ፊልም፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት፣ ዓለም ካለፈች በኋላ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ የሚከበርበት ኢትዮጵያ ውስጥ ይካሄዳል። ዳይሬክተሩ የስፔን ሰው ነው። እዚያው ተራ ያደገ ልጅ ቢጽፈው ምን ይመስል ይሆን? ለዚያውም በሦስት ክፍል!

አሁን ወደ ገበያው። አሮጌ መጽሐፍ ከመንገድ ላይ የምትገዙ ከሆነ ክፍሎቹ ተለያይተው ነው የምታገኙት። ብዙ ጊዜ ክፍል አንዱ ተሽጦ ሁለተኛው ብቻውን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ግዙት። ግን አታንብቡት፤ ቬርንን ከሆነ ደሴቲቱን ለብቻዋ ማንበብ ይቻላል፣ ዴርቶጋዳንና ካትኒስን ግን በቅደም ተከተል ነው። ለሻጩ ስልካችሁን ስጡት፣ የጎደለውን ሲያገኝ ይደውላል፤ ከየት እንደሚያመጣው አትጠይቁ፣ ያመጣዋል። ሽፋኑን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች መኖራቸውን ቁጠሩ፣ ብዙ እጅ ያለፈበት መጽሐፍ የሚጎድለው ከመጨረሻው ነው። “ክፍል ሦስቱም አለኝ” ካላችሁ ደግሞ እዚያው አብራችሁ ተከራከሩ፣ ሁለት ለሚወስድ ሰው ይቀንሳል።